የጨርቅ ምስክሮች

አዲስ ጨርቅ ሁሉ ጥሩ ጨርቅ ነው። ስታርቹ ገና አልለቀቀም፤ ቀለሙን ፀሐይ አልመታውም፤ ስፌቱ አልተሳበም። ጉዱ የሚወጣው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ፣ ውኃ ሲነካው ነው። ጨርቅ በተሸጠበት አገርና ዘመን ሁሉ ገዢ አንድ ሦስተኛ ሰው ሲፈልግ የኖረው ለዚህ ነው፤ ሻጭም ገዢም ያልሆነ፣ «አይቼዋለሁ፤ እንደተባለው ነው» ብሎ ቃሉን የሚሰጥ ሰው።

እኔ የሥራ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ስቀጠር በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ የነበረው የምርት ዕቅድ ሰሌዳና የዘመኑ መፈክር ብቻ ነበር። ጡረታ ስወጣ ያው ግድግዳ በመስታወት በተከለሉ ሰርተፍኬቶች ተሞልቶ ነበር፦ አንዱ ስለ ጥራት አሠራር፣ አንዱ ስለ አካባቢ ጥበቃ፣ አንዱ ስለ ሠራተኛ አያያዝ፣ አንዱ ስለ ኬሚካል፣ አንዱ ስለ ጥጡ አመጣጥ። እንግዳ ሲመጣ እዚያ ጋ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። እኔን ግን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነበር። በዚያ ወረቀት ላይ ስሙን የፈረመው ሰው ምን አይቶ ነው የፈረመው? የአበሉንስ ሂሳብ የዘጋው ማን ነው? የጨርቅን የምስክርነት ታሪክ ማገላበጥ የጀመርኩት ይህን ሳብሰለስል ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምራቅና ማኅተም

እናቴ አቡጀዲ ስትገዛ ጫፉን በምራቋ አርሳ በሁለት ጣቷ ታሸው ነበር። ነጭ ዱቄት ከወጣ «ይሄ ስታርች ነው፤ ጨርቁ የታለ?» ብላ ትመልሰዋለች። ቀጥላ ወደ ብርሃን አንስታ በድርና በማጉ መካከል ያለውን ክፍተት ታያለች። ነጠላ ስታሠራ ደግሞ ከሸማኔው ዘንድ ሄዳ ፈትሉን እዚያው ታያለች። ሸማኔውን ታውቀዋለች፤ አባቱንም ታውቃለች። ጨርቁ ከሳሳ የምትወቅሰው ሰው አድራሻ አለው። ለአገር ቤት ሸማ ሦስተኛ ምስክር ያላስፈለገው በዚህ የተነሳ ነው፤ ሠሪውና ለባሹ በአንድ ገበያ ውስጥ ናቸው።

አቡጀዲው ግን ከባሕር ማዶ ነበር የሚመጣው። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከማሳቹሴትስ የተነሱ የሴለም ከተማ ነጋዴዎች ያልነጣ ጠንካራ የጥጥ ጨርቅ ወደ ዛንዚባር ያመጡ ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ሁሉ «መሪካኒ» ተባለ። ወደ እኛም የቀይ ባሕርንና የኤደንን ወደቦች ይዞ ገባ፤ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስም ገበያውን የያዘው ይኸው የአሜሪካ ጨርቅ ነበር። የጠረፉ ገዢ የሚያምነው በጥቅሉ ላይ የታተመውን የፋብሪካ ማኅተም ነው። ማኅተሙን ያላየ ነጋዴ ጨርቁን አይነካም። በዚህ ምክንያት የእንግሊዝ ነጋዴዎች፣ ኋላም የቦምቤይ ፋብሪካዎች፣ መሪካኒን አስመስለው ይሠሩ ጀመር። በ1930ዎቹ መባቻ ደግሞ ጃፓኖች በዋጋ ርካሽነት ገበያውን ከሁሉም ነጠቁ። የእናቴ ምራቅ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ማኅተም ሲበዛና ማኅተም ሲሰረቅ ያየ ገበያ ወደ ጣቱ ይመለሳል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

እርሳስ

በአውሮፓ የጨርቅ ምስክር የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ የተጀመረው ገና ቀደም ብሎ ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ ዮሐንስ በ1215 ተገዶ በማኅተሙ ያጸደቀው ማግና ካርታ፣ ሰዎች ስለ ነፃነትና ስለ ፍርድ ብቻ የሚናገር ይመስላቸዋል። በ35ኛው አንቀጹ ግን የቀለም ጨርቅ ስፋት በመላ አገሪቱ አንድ እንዲሆን፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሁለት ኤል በተባለው የዘመኑ መለኪያ እንዲለካ ያዛል። መኳንንቱ ንጉሡን በሰይፍ ከብበው ካስጸደቁት ነገር አንዱ የጨርቅ ስፋት ነበር ማለት ነው። ለላቦራቶሪ ሰው ይህ የሚያኮራ ነገር ነው።

ስፋቱን የሚለካ ሹም ተሾመ፤ ኦልነጀር ይባላል። ለክቶ ደህና ከሆነ ከጨርቁ ጫፍ ላይ የእርሳስ ማኅተም ጨፍልቆ ይሰቅልበታል። እርሳስ የተመረጠው ለስላሳ ስለሆነ ነው፤ በመጫኛው ስር ምልክቱን በደንብ ይቀበላል፣ አንዴ ከተጨፈለቀ ደግሞ ሳይበላሽ ወደ ሌላ ጨርቅ ሊዛወር አይችልም። ዛሬ በሰርተፍኬት ላይ ሆሎግራምና ኪውአር ኮድ የምንለጥፈው ለዚያው ዓላማ ነው።

ችግሩ የመጣው ከገንዘብ ጋር ነው። በ1353 በሚሸጠው በእያንዳንዱ ጨርቅ ላይ ግብር ታከለ፤ ማኅተሙም ግብሩ ለመከፈሉ ደረሰኝ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሹሙ ጨርቁን የሚያይበት ምክንያት ቀነሰ፤ ሳንቲሙን የሚያይበት ምክንያት ጨመረ። እስከ 17ኛው መቶ ዘመን ድረስ ማኅተም የማተም መብቱ በኮንትራት የሚሰጥ የገቢ ምንጭ ሆነ፤ ኮንትራት ያዡም ማኅተሙን በጅምላ ለጨርቅ አምራቾች ይሸጥላቸው ነበር። እነሱ ራሳቸው በራሳቸው ጨርቅ ላይ ይሰቅሉታል። ጨርቁ ማንም ሳያየው ተመሰከረለት። በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሥርዓቱ ሲቀር ያለቀሰለት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሆላንዶች ጉዳዩን የያዙት በሌላ መንገድ ነው። በላይደን ከተማ በ1640 የተጠናቀቀ ላከንሃል የሚባል ሕንፃ አለ፤ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ያን ጊዜ የሱፍ ጨርቅ መመርመሪያ ነበር። ጨርቁ ከሽመና፣ ከማለስለስ፣ ከማቅለም በኋላ በየደረጃው እየቀረበ ይታያል፤ ባለፈ ቁጥር እርሳስ ይጨመርለታል። በአምስተርዳም ደግሞ ቀለም የገባ ጨርቅ የሚመረምሩ «የናሙና ጌቶች» ነበሩ። ሬምብራንት በ1662 ሥሏቸዋል፤ ሥዕሉ በአምስተርዳም ራይክስ ሙዚየም ይገኛል። አምስት ጥቁር የለበሱ ሰዎችና አንድ አገልጋይ፣ ፊታቸው የተዘረጋ መዝገብ፣ ቀና ብለው አሁን ወደ ክፍሉ የገባውን ሰው የሚያዩ ይመስላሉ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። የሽመና ክፍል ኃላፊ ውድቅ የሆነበትን ጥቅል ይዞ ወደ ላቦራቶሪ ሲገባ እኛም እንደዚያ ነበር የምናየው።

እነዚህ ሰዎች ራሳቸው የጨርቅ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ሥራውን ያውቁታል። የሚሾሟቸው ግን የከተማው ከንቲባዎች ናቸው፤ ለአንድ ዓመት ብቻ። ከካቶሊክም ከፕሮቴስታንትም ወገን አብረው ይቀመጡ ነበር። የፈተሹትን ናሙና ከመመሪያ ናሙና ጋር አስተያይተው ደረጃ ይሰጡታል፤ ለምርጡ አራት እርሳስ፣ ለዝቅተኛው አንድ። አራት ማኅተም ያለው ጨርቅ ባሕር ማዶ ዋጋው ሌላ ነበር። ከተማው ስሙን ያስያዘው በዚያ እርሳስ ላይ ስለሆነ ሹማምንቱ እንዳይበላሹ የሚጠብቅበት ምክንያት ነበረው። እንግሊዝ ውስጥ ማኅተሙ የንጉሥ ገቢ ነበር፤ ሆላንድ ውስጥ የከተማ ክብር። ልዩነቱ እርሳሱ ላይ አይታይም።

ሦስተኛው መንገድ የፈረንሳይ ነው። የሉዊ 14ኛ ሚኒስትር ኮልቤር በ1669 የጨርቅን ርዝመት፣ ስፋትና አሠራር የሚወስን ደንብ አወጣ፤ ተቆጣጣሪዎችም አሰማራ። በ1670 መጨረሻ ደግሞ አንድ አዋጅ ታከለ። ደንቡን የጣሰ ጨርቅ ዘጠኝ ጫማ ከፍታ ባለው እንጨት ላይ፣ የሠሪው ወይም የነጋዴው ስም ተጽፎበት በአደባባይ ይሰቀላል፤ ከዚያ ይቆረጣል፣ ይቀደዳል ወይም ይቃጠላል። ለሦስተኛ ጊዜ የደገመ ሰው ራሱ ከጨርቁ ናሙና ጋር ለሁለት ሰዓት እንጨቱ ላይ ይታሰራል። ጭካኔ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ከሦስቱ ሥርዓቶች ሁሉ ውድቅ የሆነውን ጨርቅ ለሕዝብ የሚያሳይ ይህ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ያለፈውን ያሳያሉ፤ የወደቀው በጓሮ በር ይወጣል።

ምድጃና ሚዛን

ማሽን ሲመጣ ጨርቅ የሚዋሽበት መንገድም ማሽን ሆነ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ከ1861 እስከ 1865፣ ጥጥ ወደ ላንካሻየር መግባቱ ሲቀንስ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ሳይዚንጉን አከበዱ። ሳይዚንግ ማለት ድሩ በሽመና ጊዜ እንዳይበጠስ የሚለብሰው ሙጫ ነው፤ እኛም ዘንድ በየቀኑ የሚሠራ ነገር ነው። እነሱ ግን ዱቄትና ነጭ ሸክላ አፈር፣ እርጥበት የሚስብ ጨውም ጨምረው፣ ስስ ጨርቅን ወፍራምና ከባድ አስመሰሉት። ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ልማዱ አልቀረም። ወደ ህንድና ቻይና የተላከው ጨርቅ በመርከብ ውስጥ ሻገተ፤ ገዢው ሲያጥበው ክብደቱ ወደ ወንዝ ሄደ። በሽመና ክፍሉ ውስጥ ደግሞ የሸክላው አቧራ የሸማኔዎቹን ደረት ይዘጋ ነበር።

ሐር ነጋዴዎች ይህን ዓይነት ማጭበርበር ቀድመው አውቀውት ነበር። ሐር በእጅ ሲነካ ደረቅ እየመሰለ ብዙ እርጥበት ይይዛል፤ ሻጭ ምድር ቤት አስቀምጦ ያረጥበውና በሐር ዋጋ ውኃ ይሸጣል። የፈረንሳይ መንግሥት በ1805 በሊዮን የሐር መመዘኛ ቤት አቋቋመ። ኋላ የጸደቀው ዘዴ ቀላልና ብልህ ነው፦ ናሙናውን በምድጃ ያደርቁታል፣ ይመዝኑታል፣ ከዚያ በሕግ የተፈቀደውን የእርጥበት ድርሻ፣ 11 በመቶ፣ ይጨምሩበታል። ከዚያ በላይ ያለው ውኃ አይከፈልበትም። ለጥጥ ዛሬ የምንጠቀምበት ቁጥር 8.5 በመቶ ነው። ፋብሪካችን ከእርሻዎች የተረከበውን ጥጥ በዚህ ቁጥር ስንሞግት ከሊዮን የመጣ ሙግት መሆኑን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

በ1895 የማንቸስተር የንግድ ምክር ቤት የራሱን የመፈተሻ ቤት ከፈተ። ላኪና ገዢ ሲጣሉ ናሙናው እዚያ ይሄዳል፤ ስታርቹ ይታጠባል፣ ፈትሉ ይቆጠራል፣ ጥንካሬው ይለካል፣ ውጤቱ በወረቀት ይጻፋል። የኛ ላቦራቶሪ አያት ይህ ነው። በሬምብራንት ሥዕል ውስጥ ያሉት ሰዎች ያላቸው ዓይንና ጣት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ምስክር በቁጥር ይናገራል። ክፍሉ 20 ዲግሪ ሙቀትና 65 በመቶ እርጥበት እንዲኖረው ይደረጋል፤ ጨርቁ እዚያ ካላደረ አይፈተሽም፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደረቅ አየር ውስጥ የተለካ የጥጥ ጥንካሬ ሐምቡርግ ውስጥ ከተለካው ጋር አይገጥምምና። የቀለም መልቀቅ ከ1 እስከ 5 ባለው ግራጫ መለኪያ ይዳኛል፤ በብርሃን መገርጣት ከ1 እስከ 8 ባለው ሰማያዊ ሱፍ። በመፈተሻ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ባለ አራት ነጥብ አሠራር አለ፤ እስከ 3 ኢንች የሚደርስ ብልሽት 1 ነጥብ፣ ከ9 ኢንች የሚበልጥ 4 ነጥብ፤ በ100 ካሬ ያርድ ከ40 ነጥብ ያለፈ ጥቅል በተለምዶ ይወድቃል።

እኛ ዘንድ ነጥቡን የሚያበዛው ብዙ ጊዜ ማሽኑ አልነበረም። ጥጥ ለቃሚ በማዳበሪያ ከረጢት ይሰበስባል፤ ከረጢቱ ይበጣጠስና የፕላስቲኩ ክር ከጥጡ ጋር ይዳመጣል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል። ገና ባልነጣና ቀለም ባልገባው፣ ግሬይ በሚባለው ጨርቅ ላይ አይታይም። ሰማያዊ ቀለም ሲገባ ግን ፕላስቲክ ቀለም አይቀበልምና ነጭ ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። ሜትሮቹን ሁሉ በወረንጦ የሚለቅሙ ሴቶች ነበሩን። ይህ ሁሉ ግን የሚታይ ጥፋት ነው፤ ጨርቁ ራሱ ይናገረዋል፤ ችሎታ ያለው ዓይን ያገኘዋል።

ጨርቁ የማይናገረው

ማንቸስተር የመፈተሻ ቤቱን በከፈተችበት በዚያው በ1895፣ ሉድቪግ ሬን የተባለ የፍራንክፈርት ቀዶ ሐኪም ፉክሲን የተባለውን ቀይ ቀለም በሚሠራ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የፊኛ ዕጢ ማግኘቱን ለባልደረቦቹ አስረዳ። ሁለቱ ነገሮች አልተገናኙም። የጨርቅ ፈታሹ የቀለሙን ጥንካሬ ይለካል፤ ሐኪሙ የቀለም ሠራተኛውን ሽንት ይመረምራል፤ አንዱ የሌላውን መዝገብ አያይም። እስኪገናኙ መቶ ዓመት ያህል ፈጀ። ጀርመን ካንሰር አምጪ አሚን ሊለቁ የሚችሉ አዞ የሚባሉ ቀለሞችን ሰውነት በሚነካ ጨርቅ ላይ የከለከለችው በ1994 ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ተከተለ።

ከጀርመን ክልከላ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1992፣ የጀርመኑ ሆኸንሽታይን ተቋምና የቪየናው የጨርቃ ጨርቅ ምርምር ተቋም ተባብረው ኦኮ-ቴክስ ስታንዳርድ 100ን አወጡ። ጨርቁ እንደ ለባሹ በአራት ምድብ ይከፈላል፤ አንደኛው ምድብ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ነው፤ ሕፃን ልብሱን ይጠባልና። ለሕፃኑ ፎርማልዲሃይድ ከሞላ ጎደል ጭራሽ መኖር የለበትም፤ ሰውነት ለሚነካ የአዋቂ ልብስ በኪሎ 75 ሚሊግራም ይፈቀዳል። ሰርተፍኬቱ ለአንድ ዓመት ብቻ ይሠራል፤ ልክ እንደ አምስተርዳሞቹ ሹማምንት ዘመን። ይህን ምስክር እወደዋለሁ። ናሙናው ከጨርቁ ይቆረጣል፣ ይቀቀላል፣ ይለካል። ጥያቄው ዘመናዊ ቢሆንም መልሱ አሁንም ጨርቁ ውስጥ አለ።

የሚቀጥለው እርምጃ ግን ከዚያ ወጣ። በ1987 አይኤስኦ 9000፣ በ1996 አይኤስኦ 14001፣ በ1997 የሠራተኛ መብትን የሚመለከተው ኤስኤ 8000 መጡ። እነዚህ ስለ ጨርቁ አይመሰክሩም፤ ጨርቁ ስለተሠራበት ቤት ነው የሚመሰክሩት። በ2002 በዱሰልዶርፍ የጀመረ ንግግር ደግሞ የጀርመን፣ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የጃፓን ድርጅቶችን አሰባስቦ ጎትስ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የኦርጋኒክ ጨርቃ ጨርቅ መለኪያ ወለደ፤ ከ2006 ጀምሮ ሰርተፍኬት ይሰጥበታል። «ኦርጋኒክ» ለመባል ከክሩ 95 በመቶው፣ «ከኦርጋኒክ የተሠራ» ለመባል 70 በመቶው ከተመሰከረለት እርሻ መምጣት አለበት። ጥጡ ከዳማጭ ወደ ፈታይ፣ ከፈታይ ወደ ሸማኔ በተሸጠ ቁጥር ትራንዛክሽን ሰርተፍኬት የሚባል ወረቀት አብሮት ይሄዳል።

የላቦራቶሪ ሰው እዚህ ላይ እጁን ያነሳል። መድኃኒት ያልተረጨበት ጥጥና የተረጨበት ጥጥ ተፈትሎ፣ ነጥቶ፣ ቀለም ከገባው በኋላ በማይክሮስኮፕ ስር አንድ ነው። የተጣራና ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ወንዝ የለቀቁ ሁለት ፋብሪካዎች ጨርቅ በግራጫው መለኪያ እኩል 4 ያገኛል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሰፋችው ስፌት ከእናቷ ስፌት አይለይም። ለስምንት መቶ ዓመት የጨርቅ ምስክር ሲሳሳት ጨርቁ ራሱ ያጋልጠው ነበር፤ ማኅተሙ ቢዋሽ ገዢው አጥቦ ይደርስበታል። አሁን የሚመሰከርለት ነገር በጨርቁ ላይ አሻራ አይተውም። ለባሹ መቶ ጊዜ ቢያጥበውም አይደርስበትም። እንግዲህ ምስክሩን የሚፈትነው የለም፤ ምስክሩ ብቻውን ቀረ።

ብቻውን የቀረ ምስክር

ምን እንደሚሆን ካራቺ አሳየች። መስከረም 11 ቀን 2012 አሊ ኢንተርፕራይዝስ የሚባል የልብስ ፋብሪካ ሲቃጠል ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሮች ተቆልፈው፣ መስኮቶች በብረት ታጥረው ነበር። ፋብሪካው ገና ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ኤስኤ 8000 ተሰጥቶታል። ሰርተፍኬቱን የሰጠው የኢጣሊያ ድርጅት ሲሆን ምርመራውን ያካሄደው በውክልና የተቀጠረ የአገር ውስጥ ተቋም ነው። በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ 24 ቀን 2013 ዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የሚባል ሕንፃ ተደረመሰ፤ 1,134 ሰዎች ሞቱ። በሕንፃው ውስጥ ከነበሩት ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ ኦዲት ተደርገው ነበር፤ የሕንፃው ምሰሶ ግን ከኦዲቱ ዝርዝር ውስጥ የለም ተባለ። ዝርዝሩ ላይ ያለው ሁሉ ታይቶ ይሆናል፤ ከሰዎቹ ራስ በላይ ያለውን ጣሪያ ያየ አልነበረም።

በ2020 ደግሞ ተራው የጥጡ ሆነ። ጎትስ ራሱ በህንድ ባደረገው ማጣራት 20,000 ቶን ጥጥ በሐሰተኛ ትራንዛክሽን ሰርተፍኬት ኦርጋኒክ ተብሎ መሸጡን ደረሰበት፤ 11 ኩባንያዎችንም አገደ። ኪውአር ኮዱ ሳይቀር ተመሳስሎ ወደ ሐሰተኛ ድረ ገጽ ይመራ ነበር። በመሪካኒ ጥቅል ላይ የነበረው ማኅተም በዘመኑ ቴክኒክ ተመልሶ መጣ። በዚህ ታሪክ ግን አንድ የማከብረው ነገር አለ፤ ጎትስ የገዛ ስሙ ተጭበርብሮበት ዝም አላለም፣ ውድቁን በአደባባይ ሰቀለው።

ከራና ፕላዛ በኋላ በባንግላዴሽ የተፈረመው አኮርድ የሚባለው ስምምነትም እንዲሁ ነው። ገዢ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በሕግ የሚያስገድድ ውል ገቡ፤ መሐንዲሶች ፋብሪካዎቹን መረመሩ፤ ያገኙት ስንጥቅ፣ የተቆለፈ በርና የተጋለጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ በየፋብሪካው ስም ለሕዝብ ወጣ። ወጪውን የሸፈነው የሚመረመረው ፋብሪካ ሳይሆን የገዢዎቹ መዋጮ ነው። የኮልቤር እንጨት ሰው ሳይታሰርበት ተመለሰ።

እኛ ዘንድ

በኢትዮጵያ የጨርቅ ፋብሪካ ታሪክ ረጅም አይደለም። ጣሊያኖች በ1939 ድሬዳዋ ላይ ተከሉ፤ በ1950ዎቹ ከህንዶች ጋር በሽርክና አቃቂ ላይ ተሠራ፤ በ1961 የባሕር ዳሩ ከጣሊያን የጦር ካሳ ተገነባ። እኔ የተማርኩበትን የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ሶቭየቶች በ1963 አቋቋሙት፤ የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ከዋና ክፍሎቹ አንዱ ነበር። በ1975 ፋብሪካዎቹ ተወረሱ። በዚያ ዘመን አምራቹ መንግሥት ነው፣ አከፋፋዩ መንግሥት ነው፣ ደረጃ አውጪውም መንግሥት ነው። በኅብረት ሱቅ ተራ የደረሳት እናት የተሰጣትን ይዛ ትሄዳለች፤ አሸታ የምትመልስበት ነጋዴ የለም። ላቦራቶሪያችን ሥራውን ይሠራ ነበር፤ ውድቅ ያልነው ጥቅል ግን በወር መጨረሻ ዕቅድ ሲጎድል «ሁለተኛ ደረጃ» ተብሎ ይወጣል። ሦስቱም ሰዎች አንድ ሰው ሲሆኑ ምስክር አያስፈልግም፤ ወይም አይገኝም።

በኋላ ወደ ውጭ መላክ ሲጀመር ምስክሮቹ በሻንጣ መጡ። በሠራሁባቸው ቦታዎች የኦዲት ቀን ምን እንደሚመስል እያንዳንዱ ሠራተኛ ያውቃል። ቀኑ አስቀድሞ ይነገራል። ከመጋዘን አዲስ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ይወጣል፤ የእሳት ማጥፊያው አቧራ ይጠረጋል፤ የድንገተኛ መውጫውን የዘጋው የጥቅል ክምር ማታውን ይነሳል። ኦዲተሩ ጨዋ፣ የተማረ፣ የቸኮለ ሰው ነው። መዝገብ ይጠይቃል፤ ከማሽን ይልቅ ከመዝገብ ጋር ይውላል። ሲሄድ ጓንቱ ተመልሶ ይቆለፋል። ይህን የምለው ሰርተፍኬት ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። በዚያ ሰበብ የድንገተኛ መውጫው ቢያንስ ለሁለት ቀን ተከፍቷል፤ የማቅለሚያ ክፍል ሰዎች የኬሚካሉን የአደጋ መግለጫ በአማርኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበቡት በዚያ ሰበብ ነው። አንዳንዱ ነገር ከኦዲተሩ ጋር ሳይሄድ ቀርቷል።

ወረቀቱ ከሥራው ጋር የተገናኘበትም ቦታ አለ። በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም፣ ወደ ውጭ የማይለቅ የውኃ ማጣሪያ ይዞ ነው የተሠራው። ይህ ከመጀመሪያው በፕላኑ ላይ የሰፈረው ትልልቆቹ ገዢዎች በመፈለጋቸውና ሐይቁም ቅርብ በመሆኑ ነው። በአርባ ምንጭ አካባቢ ደግሞ አነስተኛ የጥጥ ገበሬዎች በአንድ የአገር ውስጥና በአንድ የእንግሊዝ ድርጅት እገዛ ያለ ፀረ ተባይ ኬሚካል ማምረት ተምረው የኦርጋኒክ ሰርተፍኬት አግኝተዋል። ከሚጠቀሙበት ዘዴ አንዱ ከበቆሎ የሚሠራ የምግብ ርጭት ነው፤ ጎጂውን ተባይ የሚበሉ ነፍሳትን ወደ ማሳው ይስባል። ገበሬው የነፍሳቱን ዓይነት ለይቶ ይቆጥራል፤ ካልቆጠረ መቼ እንደሚረጭ አያውቅም። መዝገቡ ለኦዲተሩ ተብሎ የተያዘ አይደለም፤ እሱ ራሱ ይሠራበታል። እውነተኛ መዝገብን ከውሸቱ የምለይበት ምልክት ይህ ነው፦ ኦዲተር ባይመጣ ኖሮ ይያዝ ነበር ወይ?

አገራችን በ2010 የደረጃ ሥራውን ከፋፍላ ደረጃ የሚያወጣ፣ የሚፈትሽና የሚመሰክር፣ የልኬት መሣሪያን የሚያስተካክል፣ ላቦራቶሪዎችን ራሳቸውን የሚመዝን አራት የተለያዩ ተቋማት አቋቁማለች። አሳቡ ትክክል ነው፤ ሹሙ በገዛ ጨርቁ ላይ እንዳያትም ነው። ሆኖም የውጭ ገዢ ብዙ ጊዜ እሱ ከመረጠው የአውሮፓ ወይም የእስያ ላቦራቶሪ የመጣ ውጤት ካልሆነ አይቀበልም። አንድ ክንድ የማይሞላ ናሙና በአውሮፕላን ተልኮ፣ በውጭ ምንዛሪ ተከፍሎበት፣ እዚህ ልንለካው የምንችለውን ቁጥር ይዞ ይመለሳል።

ለሚተኩን

ከኋላዬ ወደ ጥራት ክፍል የገቡ ልጆች «እትዬ፣ የትኛው ሰርተፍኬት ነው እውነተኛው?» ይሉኛል። ስሙን አይቶ መለየት አይቻልም። አንድ ዓይነት እርሳስ በለንደን የግብር ደረሰኝ፣ በአምስተርዳም የከተማ ቃል ነበር። ሦስት ነገር እንዲጠይቁ እነግራቸዋለሁ። የፈረመው ሰው ጨርቁን፣ ውኃውንና ሠራተኛውን በዓይኑ አይቷል ወይስ ስለ እነሱ የተጻፈ ወረቀት ነው ያየው? የወደቀው የት ነው የሚጻፈው? ሒሳቡን የከፈለውስ ማን ነው?

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ዛሬ በአብዛኛው የሚከፍለው ፋብሪካው ነው፤ ለእያንዳንዱ ገዢ የተለየ ሰርተፍኬት፣ በየዓመቱ፣ በውጭ ምንዛሪ። ገዢው አምስት ምስክር ይጠይቅና በሚቀጥለው ትዕዛዝ ላይ ከሜትሩ ዋጋ ሳንቲም ይቀንሳል። ከዚያ ሳንቲም ውስጥ የማጣሪያው ኬሚካል፣ የጓንቱ፣ የፈረቃዋ ሴት የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለበት። ምስክርነት ምንጊዜም ዋጋ ነበረው፤ በ1353ም ነበረው። የባንግላዴሹ ውል ያሳየን ገዢዎች ተዋጥተው ሲከፍሉና ውጤቱ በአደባባይ ሲወጣ ያው መሐንዲስ ያንኑ ምሰሶ ማየት እንደሚችል ነው። ምስክሩን ገዢ ካልከፈለው ሸማኔው ይከፍለዋል፤ ሸማኔው የከፈለው ምስክር ደግሞ የሸማኔው ምስክር ነው።